ክፍት ሆኖ ሳለ «ዝግ ነው» የተባለው ምግብ ቤት

ሰርቢያን ክራውን ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም በማይርቀው ግሬት ፎልስ፣ ቨርጂኒያ የነበረ ምግብ ቤት ነው። አንድ ቦታ ላይ 40 ዓመት ገደማ ሠርቷል። የፈረንሳይና የሩሲያ ምግብ ያቀርብ ነበር። ስሙን ያስጠራው ግን ሌላ ነው፤ የአንበሳ፣ የፈረስና የካንጋሮ ሥጋ። ድሮ የድብ ሥጋም ነበረው፤ ከውጭ ማስገባት አይቻልም ሲባል ቀረ። ለእኛ ጆሮ ይከብዳል። እዚያ ግን የአንበሳ ሥጋ በሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ይህን ልቅመስ ብሎ ከሩቅ የሚመጣ ሰውም ነበር።

ቤቱ በኤፕሪል 2013 ተዘጋ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ባለቤቱ ለመዘጋቱ ምክንያት ብለው ፍርድ ቤት ያቀረቡት ነገር ጉግል ላይ የተጻፈ የተሳሳተ የሥራ ሰዓት ነው።

ጉዳዩ በ2014 በሰፊው ተዘግቧል። አሥር ዓመት አልፎትም ለትንሽ ንግድ ባለቤቶች ደጋግሜ የማነሳው እሱን ነው። ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ያለው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጉግል ላይ አንደኛ ልውጣ፤ ምን ላድርግ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከእሱ የሚቀድም ግን አለ፤ የቤትህን ስም የሚጽፍ ሰው ምን ያገኛል? ሰርቢያን ክራውን የወደቀው እዚህኛው ላይ ነው።

ምን ተፈጠረ

በ2012 መጀመሪያ ላይ ቅዳሜና እሁድ ሰው ጠፋ። ባለቤቱ እንደሚሉት የቅዳሜና እሁዱ ገበያ በድንገት 75 በመቶ ወረደ። ምግብ ቤት የሠራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ኪራዩም፣ ደመወዙም፣ የአስቤዛ ወጪውም የሚሸፈነው በነዚያ ሁለት ቀናት ነው። ሥጋው አስቀድሞ ይገዛል፣ አስተናጋጁ ይመደባል፣ ከዚያ ወንበሩ ባዶ ሆኖ ያመሻል።

ነገሩ ለወራት ቀጠለ። ምክንያቱ አልታወቅ አለ። ትርፉ ሲያሽቆለቁል ሠራተኛ መቀነስ መጣ።

ከዚያ አንድ የቆየ ደንበኛ ስልክ ደወለ። «ቅዳሜ፣ እሁድና ሰኞ ለምን ትዘጋላችሁ? ምን ሆናችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ነገሩ ሲጣራ፣ ባለቤቱ እንደሚሉት፣ የምግብ ቤቱን ስም ጉግል ላይ ወይም ካርታው ላይ ለጻፈ ሁሉ «ቅዳሜና እሁድ ዝግ ነው» የሚል መረጃ ይወጣ ነበር። ዋናው ገበያ በሚገኝበት ቀን ማለት ነው።

የቦታውን አቀማመጥ ደግሞ አስቡት። ግሬት ፎልስ ባለጠጎች የሚኖሩበት፣ ግቢዎቹ ሰፋፊ የሆኑ ሰፈር ነው። እግረኛ እያለፈ «እስቲ ልግባ» የሚልበት መንገድ አይደለም። ወደ ሌላ ቦታ ሲኬድም በመንገድ ላይ አይገኝም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው አስቦበት፣ መኪና አስነስቶ ነው። አስቦበት የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት ስልኩን ያያል። ስልኩ «ዝግ» ካለው ሌላ ቤት ይመርጣል። ለምግብ ቤቱ ደውሎ ላጣራ የሚል ጥቂት ነው። በዚህ ሁሉ መሀል ቅሬታ የሚያሰማ አንድም ሰው የለም፤ እንደተሳሳተ የሚያውቅ የለማ!

ባለቤቱ በወጣትነታቸው ከሰሜን ጣሊያን የመጡ ናቸው። ጉዳዩ ሲዘገብ ዕድሜያቸው 74 ነበር። ኮምፒውተር የላቸውም። ኢንተርኔትንና ጉግልን በስም ይሰማሉ እንጂ አይጠቀሙም። የሒሳብ ሠራተኛቸው ጉግል ጋ ደውለው መረጃው እንዲታረም ሞከሩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። በመጨረሻ የኢንተርኔት ባለሙያ ተቀጠረ። ባለሙያው ጉግል ላይ ያለውን የምግብ ቤቱን ገጽ ተረክቦ ሰዓቱን አስተካከለ። ያን ያህል የሚከብድ ሥራ አልነበረም።

ጊዜው ግን አልፎ ነበር። ሠራተኛ ሲቀንስ መስተንግዶው ተበላሸ። መስተንግዶው ሲበላሽ የመጣውም ደንበኛ ሳይመለስ ቀረ። ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቱም ጉግልን ቨርጂኒያ በሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሱ።

መረጃው ከየት መጣ?

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ አለ። ጉግል ላይ የንግድ ቤት ገጽ እንዲኖር የባለቤቱ ፈቃድ አያስፈልግም። ጉግል መረጃ ከየቦታው ይሰበስባል፤ ከሌሎች ማውጫዎች፣ ከድረ ገጾች፣ ከተራ ተጠቃሚዎች። ዛሬም ማንኛውም ሰው ካርታው ላይ የአንድን ቤት ገጽ ከፍቶ «ማስተካከያ አለኝ» ማለት ይችላል። «ይህ ቤት ተዘግቷል» ብሎ መላክም ይችላል። ጉግል ጥቆማውን መርምሮ ይቀበላል ወይም ይጥላል። ሥርዓቱ በአብዛኛው ይጠቅማል። ያለ ተራ ሰዎች ጥቆማ የዓለምን ሱቅ ሁሉ መመዝገብ አይቻልም ነበር። ግን በር ክፍት ነው። ባለቤት በሌለው ገጽ ላይ ደግሞ በሩን የሚጠብቅ የለም።

የሰርቢያን ክራውን ባለቤት የጠረጠሩት ተፎካካሪን ነው። ጥርጣሬው የእሳቸው ነው። ተንኮልም ይሁን ስህተት ለምግብ ቤቱ ውጤቱ ያው ነበር።

ተንኮል ግን በወቅቱ የሚቻል እንደነበር በዚያው በ2014 በግልጽ ታይቷል። ብራያን ሲሊ የሚባል የሲያትል ሰው በጉግል ካርታ ላይ የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚመስሉ የሐሰት ገጾች ከፈተ። አንዱ ሳን ፍራንሲስኮ ያለው የኤፍቢአይ ቢሮ፣ ሌላው ዋሽንግተን ያለው ሲክሬት ሰርቪስ ነበር። በገጾቹ ላይ ያስቀመጠው የራሱን ስልክ ቁጥር ነው። የሚደውለው ሰው ጥሪው ወደ እውነተኛው ቢሮ እየተላለፈ ንግግሩ ይቀዳ ነበር። ከዚያ ራሱ ሲክሬት ሰርቪስ ቢሮ ሄዶ ክፍተቱን አሳያቸው። ፕሬዚዳንት የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ገጹን ካልጠበቀ፣ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ምግብ ቤት ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ።

ጉግል ከዚያ ወዲህ ቁጥጥሩን አጥብቋል። በ2018 ብቻ ከ3 ሚሊዮን በላይ የሐሰት የንግድ ገጾችን ማውረዱን ራሱ ተናግሯል። ቁጥሩን በሁለት መንገድ ማየት ይቻላል። ሥራ እየተሠራ ነው። የሚሞክረውም ሰው ያን ያህል ብዙ ነው።

በእርግጥ ያጠፋው ጉግል ነው?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን አለብን። 75 በመቶ የሚለው ቁጥር የባለቤቱ ነው። ለ40 ዓመት የቆየ ቤት ገበያው በብዙ ምክንያት ሊቀንስ ይችላል። የደንበኛ ዕድሜ ይገፋል፣ ጣዕም ይለወጣል፣ አዲስ ቤት ይከፈታል። 2012 ደግሞ አሜሪካ ከትልቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ገና እያገገመች የነበረችበት ጊዜ ነው። ሁሉን ነገር በአንድ የሰዓት ስህተት ላይ መጫን አይቻልም።

እኔን የሚያሳምነኝ ግን ውድቀቱ ቀን መምረጡ ነው። ባለቤቱ ያስተዋሉት መውረድ የቅዳሜና እሁዱ ነው። ኢኮኖሚ ሲዳከም ወይም ጣዕም ሲለወጥ ማክሰኞም ይጎዳል፣ ሐሙስም ይጎዳል። ቅዳሜና እሁድ ለይቶ የሚመታ ነገር ሲገኝ፣ ገጹም «ዝግ ነው» የሚለው እነዚያኑ ቀናት ሲሆን፣ በአጋጣሚ ነው ማለት ያስቸግራል።

ፍርድ ቤት መሄዱ የተጎዳ ሰው የሚያደርገው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እንደ መፍትሔ ግን ለማንም አልመክረውም። በ1996 የወጣው የአሜሪካ ሕግ የኢንተርኔት ኩባንያዎችን ሌላ ሰው በጻፈው ነገር በአብዛኛው ተጠያቂ አያደርጋቸውም። ትንሽ ንግድ ጠበቃ ይዞ ከጉግል ጋር የሚሟገትበት አቅምም ጊዜም የለውም። ነገሩ ሳይቃጠል በቅጠል ነበር።

የቅጠሉ ጊዜ ደግሞ ነበረ። በመጀመሪያው ባዶ ቅዳሜና ደንበኛው በደወለበት ቀን መካከል ወራት አሉ። በእነዚያ ወራት ከቤቱ ሰው አንዱ፣ አስተናጋጅም ይሁን ዘመድ፣ ስልኩን አውጥቶ «ሰርቢያን ክራውን» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ በዚያው ይታይ ነበር። የራስን ቤት እንደ ደንበኛ ፈልጎ ማየት ወጪ የለውም። የማንም ሥራ ተደርጎ ስላልተሰጠ ብቻ ማንም ሳያየው ቀረ።

ሁለት ዓይነት ፈላጊ

ጉግል ላይ የሚጽፍ ደንበኛ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ስምህን ያውቃል። ሊመጣ ወስኗል፤ የሚፈልገው ሰዓቱን፣ ስልኩንና መንገዱን ነው። ሌላው ስምህን አያውቅም። «አቅራቢያዬ ያለ ምግብ ቤት» ወይም «ጎማ የሚጠግን» ብሎ ይጽፋል።

ሁሉም የሚሻማው በሁለተኛው ላይ ነው። የመጀመሪያው ግን ያንተው ነው። ስምህን የጻፈ ሰው ፊት ለመውጣት ከማንም ጋር መወዳደር አያስፈልግም፤ ትልቁ ሰንሰለት ምግብ ቤትም አይቀማህም። ሊያሳጣህ የሚችለው የተሳሳተ መረጃ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የሚያውቅህን አታባርር፣ ከዚያ የማያውቅህን ሳብ።

ለሁለተኛው ዓይነት ፈላጊ ጉግል ማንን እንደሚያስቀድም ራሱ በይፋ ጽፏል። ሦስት ነገር ያያል። ገጽህ ከተፈለገው ነገር ጋር ምን ያህል ይገናኛል፣ ከፈላጊው ምን ያህል ትርቃለህ፣ ምን ያህልስ ትታወቃለህ። ገንዘብ ከፍሎ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የተሻለ ቦታ ማግኘት እንደማይቻልም ይናገራል። ማስታወቂያ ሌላ ነው፤ እሱ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል።

ለትንሽ ንግድ ይህ መልካም ዜና ነው። ርቀትን ትልቅ ኩባንያ አይገዛውም። ሰፈሩ ውስጥ ያለኸው አንተ ከሆንክ ለሰፈሩ ሰው ትቀርባለህ። መታወቅ ጊዜ ይወስዳል፤ እሱ ላይ ሰንሰለቶቹ ይበልጡሃል። ልትታገልበት የምትችለው ሜዳ የመጀመሪያው ነው፤ ገጹ ምን ይላል የሚለው።

ሰርቢያን ክራውን እዚህ ላይ የነበረውን ዕድል ሳስብ ይቆጨኛል። አሜሪካ ውስጥ ካንጋሮ የሚያቀርብ ቤት ስንት ነው? «ዋሽንግተን አካባቢ የአንበሳ ሥጋ የት አለ?» ብሎ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ የሚያቀርበው ቤትም ግን ጥቂት ነበር። ሌላው ሁሉ «የፈረንሳይ ምግብ» በሚል ሰፊ ቃል ሲራኮት ይህ ቤት ብዙ ሰው የማይነካው የራሱ ጥግ ነበረው። ያንን ጥግ በገጹ ላይ በትክክል ጽፎ፣ ፎቶ አድርጎ፣ ዋጋና ሜኑ ጨምሮ ቢያስቀምጥ ኖሮ ከሩቅ የሚመጣው ደንበኛ ይበዛ ነበር ብዬ አምናለሁ።

የሥራ ሰዓት ነገር ደግሞ ከዚያ ወዲህ የበለጠ ከባድ ሆኗል። በ2012 የተሳሳተ ሰዓት ደንበኛን ያሳስት ነበር። በ2023 መጨረሻ ላይ ግን ጉግል፣ ሰው በስም ሳይሆን በዓይነት ሲፈልግ፣ በዚያ ሰዓት ክፍት መሆን ለደረጃ ጠንከር ያለ ሚዛን እንዳለው አረጋግጧል። ስለዚህ ሰዓቱ የተሳሳተ ገጽ ዛሬ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስምህን የሚያውቀው «ዝግ ነው» ብሎ ይቀራል፤ የማያውቅህ ደግሞ ጭራሽ አያይህም። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ 24 ሰዓት ክፍት ነኝ ብሎ ይጽፋል። አታድርጉት። ሌሊት መጥቶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው የሚጽፈው አንድ ኮከብ ለዓመታት እዚያው ይቀመጣል።

እዚያው ቨርጂኒያ፣ የእኛ ቤቶች

ከግሬት ፎልስ ብዙ ሳይርቅ አሌክሳንድሪያና ፎልስ ቸርች አሉ። ከወንዙ ማዶ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግ። የሀበሻ ምግብ ቤቱ፣ ግሮሰሪው፣ ፀጉር ቤቱ፣ የታክስ ቢሮው ተደርድሮ ያለበት አካባቢ ነው። እዚህ የርቀት ጥቅም አይሠራም። አንዱ የሀበሻ ቤት ከሌላው በጥቂት እርምጃ ነው የሚለየው፤ የሚመሳሰል ስም ያላቸውም አሉ። «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት» የሚለው ምድብ ሁሉም ላይ ተጽፏል። ታዲያ የሚለየው ምንድን ነው?

ዝርዝሩ ነው። ጠዋት ጨጨብሳና ፉል የሚያቀርብ ቤት ቁርስ እንዳለው ገጹ ላይ ካልጻፈ ቁርስ ለሚፈልግ ሰው የለም። ጥሬ ሥጋ ያለው ቤት፣ ክትፎ ላይ የተካነ ቤት፣ ለሠርግና ለልደት የሚያዝለት ቤት፣ እንጀራ በብዛት የሚያከፋፍል ቤት፣ ሁሉም የራሱ ፈላጊ አለው። ፈላጊው ደግሞ ስሙን በላቲን ፊደል በተለያየ መንገድ ይጽፈዋል። ሜኑውን በፎቶ ብቻ ከመለጠፍ በጽሑፍ ማስገባት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር ላይ ረዘም ልበል፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክንበት ስለሆነ። የጾም በያይነቱ አለን። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ጎመኑ፣ ጥቅል ጎመኑ፣ ቀይ ሥሩ። እኛ የጾም ምግብ እንለዋለን፤ አሜሪካዊው ቪጋን ይለዋል። ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የማይበላ ብዙ ሰው በየቀኑ «አቅራቢያዬ ያለ ቪጋን ምግብ» እያለ ይጽፋል። አብዛኛው የፈረንጅ ምግብ ቤት ለዚህ ሰው ሰላጣና አንድ በርገር ነው ያለው። እኛ ሙሉ ትሪ አለን፤ ያውም እናቶቻችን ለዘመናት ሲሠሩት የኖሩት። ግን ስንቶቻችን ነን ገጻችን ላይ «ቪጋን» ብለን የጻፍነው? ገጹ ላይ ይህን መጥቀሻ ቦታ አለ። መግለጫው ላይ ይጻፍ፣ ሜኑው ላይ ይጻፍ፣ ፎቶው ይለጠፍ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ፤ ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል የሚደረግበት ቤት ከሆነ የጾሙ ለብቻው መሠራቱን አረጋግጡ። በዚህ ጉዳይ የተታለለ ደንበኛ አይምርም።

የእኛ በዓላትም አሉ። ጉግል የምስጋና ቀንን ያስታውሳል፤ ገና ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትና ፋሲካ ግን በእጅ የሚገቡ ናቸው። ገጹ ላይ ለተለየ ቀን የተለየ ሰዓት ማስገቢያ አለ። የፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣውን ሰው ልታስተናግዱ ከሆነ በቃል ብቻ አትናገሩ፤ እዚያ ጻፉት።

ደረጃን የሚያነሳው ሌላው ነገር ሪቪው ነው፤ ደንበኛ ገጹ ላይ የሚጽፈው አስተያየት ማለት ነው። የእኛ ሰው በልቶ ሲረካ ባለቤቱን አቅፎ ይስማል፤ ለዘመዱም ይናገራል። ጉግል ላይ ግን አይጽፍም። ቅር ያለው ሰው ግን እቤቱ ሳይደርስ ይጽፋል። ስለዚህ መጠየቅ ነውር የለውም። ሒሳብ ሲከፈል «ከወደዱት ጉግል ላይ ሁለት መስመር ይጻፉልን» ማለት በቂ ነው። ቅናሽ ወይም ነፃ ማኪያቶ ሰጥቶ ማስጻፍ ግን የጉግልን ደንብ ይጥሳል። የሐሰት ሪቪው መግዛት አሜሪካ ውስጥ ከዚያም ያለፈ ነው። የፌዴራል የንግድ ኮሚሽን ያወጣው ደንብ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ ቅጣቱም ለአንድ ጥሰት ከ50 ሺህ ዶላር በላይ ሊደርስ ይችላል። የአክስት ልጅ በአምስት አካውንት ቢጽፍ ምን አለበት የሚል ካለ ይህን ቁጥር ይመልከት።

ስም ላይ ቃል መደረትም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ የቤቱን ስም ገጹ ላይ ሲጽፍ «ምርጥ የኢትዮጵያ ምግብ፣ ርካሽ፣ ዲሲ» እያለ ያስረዝመዋል። ጉግል የሚፈቅደው በር ላይ ያለውን ስም ብቻ ነው፤ ሲደርስበት ገጹን ያግዳል። ማንሃተን ውስጥ አንድ የታይላንድ ምግብ ቤት ግን ሕጉን ሳይጥስ መንገድ አገኘ። «ታይ ፉድ ኒር ሚ» ብሎ ስሙን አወጣ፤ ሰዎች ጉግል ላይ የሚጽፉትን ቃል በቃል ወስዶ ማለት ነው። በር ላይም እንዲሁ ነው የተጻፈው። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ለሌላው የሚተርፍ መንገድ ግን አይመስለኝም፤ ስም ለልጅ የሚተላለፍ ሀብት ነው።

አዲስ አበባ ስትሆን

እዚህ ችግሩ መልኩ ይለያል። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከፍተን ከምሽቱ 3 ሰዓት እንዘጋለን። የጉግል ቅጽ የሚጠይቀው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ ሰው ሳያስበው 2 እና 3 ብሎ ካስገባ ገጹ ቤቱን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከፍቶ ከቀኑ 9 ሰዓት ይዘጋዋል። ምሽት ላይ ክትፎ የሚፈልግ ሰው ቤቱ ተዘግቷል ይባላል። ይህ ተንኮለኛ ተፎካካሪ አያስፈልገውም፤ ባለቤቱ ራሱ በቅን ልቦና ያስገባው ነው። ትክክለኛው በፈረንጅ ሰዓት ከጠዋቱ 8፡00 እስከ ማታ 9፡00 ነው።

ሁለተኛው አድራሻ ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ብለን የምንመራው ሰው የለም፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከባንኩ ጎን» ነው የምንለው። ስለዚህ ፒኑ፣ ካርታው ላይ ቤቱ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ምልክት፣ ሁሉም ነገር ነው። ፒኑን ቢሮ ቁጭ ብሎ መገመት አይገባም፤ በሩ ላይ ቆሞ ነው የሚተከለው። በስልክ የሚጠሩት የራይድና የፈረስ ታክሲዎች ሾፌር የት እንደሚያቆም የሚያውቀው በካርታ ነው። ፒኑ ከመንገዱ ማዶ ከተተከለ እንግዳው ከማዶ ይወርዳል።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙ ሱቅ፣ ካፌና ምግብ ቤት ከነበረበት ተነስቷል። ፒያሳ ላይ በ2024 የፈረሰውን ሁላችንም አይተናል። ሰዎቹ ሌላ ሰፈር ተከራይተው ጀምረዋል። ገጻቸው ግን ብዙ ጊዜ የቀድሞው ቦታ ላይ ቀርቷል። አዲስ ቦታ የገባ ሰው የሚቀናው አዲስ ገጽ መክፈት ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት ገጽ ይኖራል፤ አሮጌው ከነሪቪውና ከነፎቶው ፍርስራሽ ላይ ይቀራል፣ አዲሱ ባዶውን ይጀምራል። የድሮ ደንበኛ ስሙን ሲጽፍ አሮጌው ይወጣለታል፤ ሄዶ ያጣዋል። «ጠፍተዋል» ብሎ ለሌላውም ይነግራል። ትክክለኛው መንገድ የነበረውን ገጽ ይዞ አድራሻውን መለወጥ ነው። ስሙና ሥራው ያው እስከሆነ ድረስ የዓመታት ሪቪው አብሮ ይሄዳል። ከዚያ ፎቶ መጨመር፤ የአዲሱን በር ከመንገዱ ሲታይ።

ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ገጽን መረከብ ነፃ ነው። ጉግል ማፕ ላይ የቤትህን ስም ትፈልጋለህ፤ ባለቤት ከሌለው «ባለቤቱ እኔ ነኝ» የሚል ምርጫ አለ። ማረጋገጫው ድሮ በፖስታ በሚመጣ ቁጥር ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ ቪዲዮ ይጠየቃል። መንገዱን፣ ታፔላውን፣ ከውስጥ ደግሞ ባለቤት ብቻ የሚደርስበትን ነገር፣ ለምሳሌ የገንዘብ መሳቢያውን ወይም ንግድ ፈቃዱን፣ በአንድ ቪዲዮ ሳይቆረጥ መቅረጽ ነው። ደውሎ «ከጉግል ነኝ፤ ካልከፈልክ ገጽህ ይጠፋል» የሚልህ ሰው አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ዝጋ።

ብዙ ቤት ውስጥ ገጹን የሚከፍተው ስልክ የሚችለው የወንድም ልጅ ወይም ገንዘብ ያዡ ነው። ይከፍተዋል፣ በራሱ ኢሜል። ያ ልጅ ሥራ ሲለቅ ወይም ሲጣላ ገጹም አብሮት ይሄዳል። ለጉግል የባለቤትነት ጥያቄ አቅርቦ መመለስ ይቻላል፤ ግን ጣጣ አለው፣ በመሀል ሰዓቱን የሚያርም የለም። ስለዚህ ለንግዱ ብቻ የሚሆን ኢሜል ይከፈት። ዋና ባለቤት ሆኖ የሚመዘገበው እሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉ ባለቤቱ ጋ ይቀመጥ። ልጁ ሥራ አስኪያጅ ተብሎ በራሱ ኢሜል ይጨመር፤ ፎቶ ይለጥፍ፣ ለሪቪው ይመልስ፣ ሲሄድ ይሰረዝ። ጉግል በሌሎች ሰዎች ጥቆማ ገጹን ሲለውጥ ማሳወቂያ የሚልከው በኢሜል ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ዓርብ ጠዋት፣ አንድ ሰው ኢሜሉን ከፍቶ ይይ። ከዚያ ገጹን በማያስተዳድር ስልክ የቤቱን ስም ይጻፍና ሰዓቱን፣ ስልኩን፣ ፒኑን ይመልከት። ስልኩን ደግሞ ይደውልበት፤ አንሥቶ «ሄሎ» የሚለው የቤቱ ሰው መሆኑን ይስማ።